ኤች አይ ቪ የሚል ቃል የሌለበት የኤች አይ ቪ ሕግ

ወዳጆቼ፣ ልጆችን ከኤች አይ ቪ ስለመጠበቅ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ሐኪም፣ ምርመራና መድኃኒት ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝና ዛሬ ስለ ሕግ አውጪዎች ላውራችሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንዱን 18 አድርጎት ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባ ክሱን ይተውለት ነበር። ጠልፎ፣ ደፍሮ፣ ሽማግሌ ልኮ "ታረቅን" ማለት ነው።

በ1978 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች ሲታወቁ አገሪቱ የምትተዳደረው በነዚህ ሕጎች ነበር። እስቲ አስቡት፤ የ15 ዓመት ልጅ በብዙ ዓመት የሚበልጣትን ባሏን "መጀመሪያ እንመርመር" ልትለው? የተጠለፈችውንማ ማን ጠይቋት!

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ብዙ ከተሟገቱ በኋላ፣ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው። ክልሎችም የየራሳቸውን ማውጣት ጀመሩ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ኋላ ቢያገባትም ከክስ አያመልጥም። ያለዕድሜ ጋብቻም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ። በዚያው በ1997 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ። ሁሉም የሚያስታውሰው መድኃኒቱን ነው፤ መድኃኒቱ የታመመችውን ይረዳል፣ ሕጉ ግን ከመያዟ በፊት ነው የሚደርስላት።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? 18 መሙላቷ በምን ይታወቃል? አባት "ሞልቷታል" ካለ፣ በቃ ሞላት። የልደት ምዝገባን ያካተተው የወሳኝ ኩነት አዋጅ የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። የ1992ቱ ሕግ 16 ዓመት ሙሉ ማስረጃ ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው። በዚያ ላይ የቤተሰብ ሕጉ ራሱ በከባድ ምክንያት ዕድሜው እስከ 2 ዓመት ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል።

እንግዲህ የተወካዮቻችን የቤት ሥራ ግልጽ ነው፤ ይህችን ቀዳዳ መድፈን፣ ለልደት ምዝገባ በጀት መያዝ፣ ሕጉ ገጠር መድረሱን ወርዶ ማየት።

ከጥር ሠርግ በኋላ ወንበራቸው ባዶ የሚሆን ሴት ተማሪዎች ዛሬም አሉ። ቀበሌ ውስጥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አባት "18 ሞልቷታል" ሲላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። አደራ።