በጥርስ ሕክምና የተመረቀችው የመጀመሪያዋ ሴት



አሜሪካዊቷ ሉሲ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1861 የኦሃዮ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ለመግባት ጠይቃ፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ሳትቀበል ቀረች። እሷ ግን ሙያውን በግል ተምራ፣ ያለ ዲግሪ የራሷን ክሊኒክ ከፈተች። ሥራዋን ያዩት የአዮዋ ግዛት የጥርስ ሐኪሞች በ1865 የማኅበራቸው አባል አደረጓት፤ ኮሌጁም በዚያው ዓመት በሩን ከፈተላት። ልምዷ ተቆጥሮላት ጥቂት ወራት ብቻ ተምራ በ1866 ተመረቀች። በኋላም ባሏን ሙያውን አስተምራ፣ በካንሳስ ግዛት ሎረንስ ከተማ አብረው ሠሩ።

ወላጆች፣ ሴት ልጃችሁ «የጥርስ ሐኪም እሆናለሁ» ካለቻችሁ አበረታቷት። ልጆቻችሁንም ጥርሳቸውን እስኪያማቸው አትጠብቁ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው አስመርምሯቸው።