ዓይኑ አናቱ ላይ

«ተረት ተረት» አልኳቸው። ዝም። የእህቴ ልጆች ሦስቱም መካ ተወልደው እዚሁ መንሱር ያደጉ ናቸው፤ «የላም በረት» የሚል ከየት ይምጣ! ትልቁ «ኻሊ፣ በረት ምንድን ነው?» አለኝ። እናንተ በልባችሁ መልሱልኝና ልቀጥል።

ቀኑ ጁምዓ ነው፣ ከአስር ሰላት በኋላ። ውጭው እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ሙከይፉ ያጓራል፣ ሁለተኛው ቡና ወርዷል። ስልካቸውን ሰብስቤ ትራስ ሥር ከተትኩና «አገራችሁ ተራራ ላይ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ሌላ አገር ቢፈለግ የማይገኝ እንስሳ አለ። ማን ነው?» አልኩ።

«ወብር!» አለች መካከለኛዋ። በጣይፍ ተራሮች ቋጥኝ ለቋጥኝ የሚዘለውን፣ የእኛን ሽኮኮ ማለቷ ነው። ሽኮኮ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያድራል እንጂ መች ይቆፍራል! «ጀርቡዕ!» አለ ትንሹ። እሱስ ቆፋሪ ነው፤ ግን የበረሃ ልጅ ነው። የእኔው እንግዳ የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ነው።

እንግዲህ ስሙ። ሳነቴ አምባ፣ 4000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነን። ሌሊቱን ውርጭ ሲጋግር አድሯል። ፀሐይ ሞቅ ስትል አንዱ ቦታ ላይ አፈሩ ይነቃነቃል፣ ይገፋል፣ ቀዳዳ ይከፈታል። መጀመሪያ ብቅ የሚለው አናት ነው፤ አናቱ ላይ ሁለት ዓይን።

እዚህ ላይ ትራሱን አፌ ድረስ ከልዬ በዓይኔ ብቻ ቃኘኋቸው። ትንሹ በሳቅ ተንከተከተ። እውነትም እንዲያ ነው፤ የፍልፈሉ ዓይኖች ወደ አናቱ ተጠግተው ነው የበቀሉት፣ ገላውን ሳያወጣ ዙሪያውን ያያል። ኪሎ ሊሞላ ምንም የማይቀረው ይገኛል። ሳሩን በፊት ጥርሱ ቀጨት ቀጨት ያደርግና የኋሊት ይገባል፤ ከቀዳዳው ብዙ አይርቅም። ሲበቃው በአፈር ይደፍነዋል።

«ለምን ይደፍነዋል?»

ቀይ ቀበሮ አለቻ! እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት፤ በጠቅላላው 500 አትሞላም። ባሌ ላይ ትልቁ ሲሳይዋ ይኸው ፍልፈል ነው። ጆሮዋን ቀስራ፣ እግሯን እየሰረቀች መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትጠብቃለች። እሱ ደግሞ ዘበኛ አለው፤ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ። እሱ የቆፈረው አፈር ላይ ነፍሳት ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይ ትጮሃለች፣ እሱ ይሰወራል። ኢቃማ የለ፣ ከፊል የለ፣ የደመወዝ ክርክር የለ! (ይህችን ያልኩት ለእናታቸው ነው፤ ልጆቹ አልገባቸውም።)

ፍልፈሉን የቀመሰችው ቀበሮ ብቻ አይደለችም። በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ መጠለያ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ይህንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ከተቃጠለው አጥንት አይቷል። ያኔ ከዋሻው በላይ ያሉት ተራሮች በረዶ የጫኑ ነበሩ። «ሐላል ነው?» አለች መካከለኛዋ። አባቷን እንድትጠይቅ ነገርኳት።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁንና ከብቱም ሰፈራውም ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሳሩን ላም ከጋጠችው ፍልፈሉ ምን ይበላል? ከዚያ በላይ የሚሸሽበት ተራራ የለውም።

እናንት ጅዳና መካ ያላችሁ ወላጆች፣ ለዒድ አገር ቤት ስትገቡ ልጆቹን አዲስ አበባ ዘመድ ሳሎን ውስጥ አታክርሟቸው። ጎባ ደርሳችሁ እደሩ። ጠዋት በደሎ መና መንገድ ሳነቴን ውጡና አዲስ አፈር የተገፋበት ቦታ ስታዩ ራቅ ብላችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ተቀመጡ። ለልጆቹ ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ የጅዳ ልብስ እዚያ አያወጣም።