ባቡሩን ያቆመው ዳገት፣ ብስክሌቱን ያሳደገው መንገድ

ስለ ድሬዳዋና ስለ ብስክሌት ሲነሣ አንድ ማብራሪያ ሁልጊዜ ቀድሞ ይመጣል፦ ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ፔዳል መምታት አያደክምም። ማብራሪያው ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። ሜዳ ብቻውን ብስክሌተኛ ቢያፈራ ኖሮ ከድሬዳዋ በስተሰሜን እስከ ጅቡቲ ድንበር የተዘረጋው ሰፊ ቆላ የግመል ሳይሆን የብስክሌት አገር በሆነ ነበር። ድሬዳዋን የለያት ሌላ ነገር ነው። ባቡሩ ይዞት የመጣ አንድ ሥርዓት አለ፦ በመሐንዲስ የተለካ መንገድ፣ ሰዓት ያለው ሥራ፣ በየወሩ የሚከፈል ደመወዝ፣ ከወደብ የሚገባ ጎማና መለዋወጫ። ብስክሌቱ የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። ጉዳዩን አጥርቶ ማየት ለትዝታ ብቻ አይጠቅምም። ዛሬ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ላይ የብስክሌት መንገድ ለመሥራት ቢታሰብ ከምን መጀመር እንደሚገባም ይጠቁማል።

ሜዳው ራሱ እንዴት የከተማ ቦታ እንደሆነ እንይ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው ክፍል መድረሻ እንዲሆን የታሰበው ሐረር ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ ያለችበት ቦታ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ነው። በመካከላቸው የደንገጎ አቀበት ቆሟል። ዛሬ መኪና የሚሄድበት ጠመዝማዛ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ጥቂት ባለፈ ርቀት ውስጥ ከ800 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ይህም በአማካይ በየ100 ሜትሩ ወደ 4 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት፣ ተራ ባቡር በ100 ሜትር ከ3 ሜትር በላይ መውጣት ይከብደዋል። ተራራውን በድልድይና በዋሻ ማሸነፍ ይቻል ይሆናል፤ ወጪው ግን በገንዘብ ችግር ሲንገዳገድ ለነበረው ኩባንያ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ተራራው ሥር ደረሰ፤ ሐረርም ወደ ጎን ቀረች። በጣቢያው ዙሪያ የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ድሬዳዋ የመስመሩ ዋና ጣቢያ፣ የጥገና ቦታና የንግድ በር ሆና አደገች።

ያው ዳገት ለብስክሌቱም ወሰን ነበር። ፔዳሉ በሰንሰለት የኋላውን ጎማ የሚያዞርበት ዘመናዊ ብስክሌት በእንግሊዝ አገር የተስፋፋው ከ1870ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ነው፤ አየር የሚሞላ ጎማም በዚያው ሰሞን መጣ። ሆኖም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሠራተኛ የሚገዛው ብስክሌት ከባድ ብረት ያለውና አንድ ማርሽ ብቻ የነበረው ነው። በእንዲህ ያለ ብስክሌት ደንገጎን መውጣት ለጉልበተኛም ቅጣት ነው፤ ወደ ሥራ ለመሄድ ደግሞ ከቶ የማይታሰብ። ሎኮሞቲቩም ብስክሌተኛውም አንድ ዓይነት መሬት ይፈልጋሉ፦ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ጠንካራ፣ ድንገት የማይሰበር። ባቡር ለራሱ የመረጠው ቦታ ለብስክሌትም የሚመች የሆነው ለዚህ ነው።

ቦታው መመቸቱ ግን መንገድ ሆነ ማለት አይደለም። የድሬዳዋ ሜዳ በአብዛኛው አሸዋማ ነው፤ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝም በበጋ ደረቅ የአሸዋ ሸለቆ ነው። ደልዳላ አሸዋ ለቀጭን ጎማ ከመጠነኛ ዳገት ይልቅ ይከፋል፤ ጎማው ይሰምጣል፣ መሪው ይጠማዘዛል። ልዩነቱን ያመጣው ከዚራ የተባለው ሰፈር ነው። የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ከደቻቱ ወዲህ ያለውን ሰፈር ቀጥ ባሉና በተለኩ መንገዶች ከፋፈሉት፤ ግራና ቀኙንም ጥላ በሚሰጡ ዛፎች አለበሱት። በዚህ ሙቀት ውስጥ ጥላ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሰው ቀትር ላይ ፔዳል ይመታ ዘንድ የሚያስችል የመንገዱ አካል ነው። ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በገበያተኛ እግር የተቀደዱ ጠባብና ጠምዛዛ መተላለፊያዎች ያሉት ሰፈር ሆኖ አደገ። ሁለቱም ሰፈሮች ያረፉት በአንድ ሜዳ ላይ ነው፤ ከመካከላቸው ለብስክሌት ተመቻችቶ የተሠራው ግን ከዚራ ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ ሥራው ነው። ገበሬና ነጋዴ ቀኑን እንደ ጉዳዩ ይከፋፍለዋል። የባቡሩ ጥገና ሠራተኛ፣ ኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቤት ወደ አንድ በር መድረስ ነበረበት። ርቀቱ ለእግር የሚረዝም፣ ለመኪና የሚያጥር ነው። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ በየወሩ ቆጥቦ ለመግዛት ይችላል። ጥገናውም አላስቸገረም፤ ሰንሰለት መፍታት ብረት ሲገጥም ለሚውል የባቡር መካኒክ የእጅ ጨዋታ ነው። ዐረቡ፣ ህንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ ነጋዴ የሚያስመጣው ዕቃም ከጅቡቲ በቀጥታ የሚገባ ስለነበር፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጎማና ካላማዳሪያ ማግኘት ከወደብ በራቁ የደጋ ከተሞች ከማግኘት ይቀል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ ብስክሌትን በአገራችን ያስፋፋው ጣሊያን አይደለምን? ጣሊያን ድሬዳዋን በ1928 ዓ.ም. ያዘ፤ መንገድ ሠራ፣ ብስክሌትም አመጣ። ይህ እውነት ነው። ይሁንና አምስቱ የወረራ ዓመታት ደሴን፣ ጎንደርንና ጅማንም ነክተዋል፤ እነዚህ ከተሞች ግን በብስክሌት ስማቸው አልተነሣም። አስመራስ? የአስመራ ምሳሌ ክርክሩን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ያጠናክረዋል። ጣሊያን አስመራ ውስጥ የቆየው ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ነው፤ በዚያ ጊዜ ደልዳላ አስፋልት፣ ፋብሪካ፣ ደመወዝተኛና ወርክሾፕ አብረው አደጉ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ስትቀርብ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ማሰለፏ የዚያ ዓይነት መሠረት ፍሬ ነው። ስለዚህ ወሳኙ ብስክሌቱን ማን አመጣው የሚለው አይደለም፤ ከመጣ በኋላ የሚያቆየው መንገድና ኑሮ ነበር ወይ የሚለው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከብስክሌቱ ዘመን ማብቂያ የሚነሣ ነው፦ ብስክሌቱን ከድሬዳዋ ጎዳና የገፋው ባጃጅ እንጂ የባቡሩ መዳከም አይደለም ይባላል። ባጃጅ ባቡር በሌለበት ከተማም ስለተስፋፋ ተቃውሞው ሚዛን አለው። ባጃጅ ለምን እንደመጣ ባቡሩ አያስረዳም፤ ብስክሌቱ ለምን እንዳልተቋቋመው ግን ያስረዳል። የድሮው ሐዲድ ሥራውን እየቀነሰ መጥቶ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አዲስ አበባ መሄድ አቆመ፤ የጅቡቲውም ጉዞ ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ያኔ የተቋረጠው ባቡር ብቻ አይደለም፤ ከሰፈር ወደ ወርክሾፕ የሚደረገው የየዕለቱ አጭር ጉዞም አብሮ ጠፋ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከመሐል ከተማ ርቆ ነው የተሠራው፤ ከተማዋም ወደ ሳቢያን ሰፈርና ከዚያም ወዲያ እየሰፋች ነው። ርቀቱ ሲረዝም፣ የተሽከርካሪው ብዛት ሲጨምር፣ ለብስክሌት የተለየ መሥመር ካልተሠራ ሰው ከፍሎ ባጃጅ ቢሳፈር አይፈረድበትም።

ይህ ሁሉ ወደ ተራራው ያመጣናል። ብዙ ማርሽ ያለው የተራራ ብስክሌት ከ1970ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ወዲህ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተወለደ በኋላ የዳገቱ ወሰን ላልቷል። ሆኖም ስፖርቱን ሕዝባዊ ያደረገው ብስክሌቱ ብቻ አይደለም። በዌልስ ኮይድ ኧ ብሬኒን በተባለው ደን ውስጥ፣ ቀጥሎም በሌሎች የብሪታንያ ደኖች፣ መንገዶች እንደ ክብደታቸው በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በጥቁር ምልክት ተለይተው ተሠሩ። ደረጃው የሚወጣው ዳገቱን፣ ስፋቱን፣ ወለሉንና መሰናክሉን አይቶ ነው። ጀማሪ የሚችለውን አውቆ ይገባል፤ የለመደውም ፈተናውን ይመርጣል። በአገራችንም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደን ውስጥ የብስክሌት መንገድ መሠራቱ ሐሳቡ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከድሬዳዋ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ግን ያልተለካ መንገድ አደጋ አለው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱን ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች የገደለው ጎርፍ የመጣው ከዚያው ከተራቆተው ተራራ ነው። ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ የብስክሌት መንገድ በአንድ ክረምት ቦይ፣ በሁለት ክረምት ገደል ይሆናል። ባለሙያዎች የመንገዱ ቁልቁለት ከተዳፋቱ ቁልቁለት ግማሽ እንዳይበልጥ፣ በአማካይም በ100 ሜትር ከ10 ሜትር በታች እንዲሆን፣ ወለሉም ወደ ውጭ ትንሽ አዘንብሎ ውሃውን እንዲያፈስ የሚመክሩት ለዚህ ነው። የሐረርጌ ገበሬ እርከን ሲሠራ የሚያደርገው ስሌት ከዚህ አይርቅም።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ ድሬዳዋስ ከብስክሌት የሚቀድም ችግር የላትምን? ችግርማ ሞልቷል። ነገር ግን በተራራው ላይ የአፈርና የውሃ ሥራ፣ የዛፍ ተከላም ቢሆን፣ ብስክሌት ኖረም አልኖረም መሠራት አለበት። ጥያቄው እርከኑ ሲሠራ ሰው የሚሄድበት መሥመር አብሮ ይለካ ወይስ አይለካ የሚለው ብቻ ነው። የድሬዳዋ ታሪክ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ብስክሌት ማስመጣት ከሁሉም ቀላሉ ሥራ ነው፤ የሚከብደው መንገዱን ለክቶ መሥራት፣ ከዚያም በየክረምቱ መጠገን ነው። ይህን ሥራ በአንድ ወቅት ለራሱ ትርፍ ብሎ አንድ የባቡር ኩባንያ ሠርቶታል፤ አሁን ደግሞ የከተማው አስተዳደር ለነዋሪው ሲል ሊሠራው ይችላል።