«ልብጥ» ወይስ «ገበር»?

«ቪኒል» የሚለው ስም መነሻው ወይን የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዋልዶ ሲመን ግትሩን ፕላስቲክ ተጣጣፊ ካደረገው ወዲህ፣ ቪኒል በቆዳ ፈንታ የመኪና ወንበር ልብስ ለመሆን በቃ። ሙጫ ያለበት ስስ ቪኒል ደግሞ በሙቀት እየለሰለሰ በዳሽቦርድና በበር ላይ ይለጠፋል፤ እንጨት ወይም ብረት ያስመስላል።

ገበያው «ስቲከር» ይለዋል፤ ይህ ግን የማናቸውም ተለጣፊ ስም ነው። «ገበር» እንዳንል፣ ገበር ከውስጥ የሚደረብ እንጂ ገጽ አይደለም። እኛ የአንጥረኛውን «ልብጥ» እንመርጣለን። በወርቅ የተለበጠ መዳብ ከሥሩ መዳብነቱን አይለቅም፤ ከልብ ያልሆነውን ሳቅም «የለበጣ» እንለዋለን። ስለዚህ ተርጓሚው «የእንጨት መልክ ያለው የቪኒል ልብጥ» ብሎ ሲጽፍ፣ ገዢው የሚከፍለው ለእንጨት ሳይሆን ለመልኩ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይነግረዋል።