የኤሌክትሪክ ሞተርን አዟዟር ስለ መገልበጥ፤ ከወፍጮ ቤት እስከ መጫወቻ መኪና

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ሲተከል፣ እህል ከመጨመሩ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሞተሩ በየት በኩል እንደሚዞር ነው። የወፍጮው ድንጋይ የተወቀረው ለአንድ አቅጣጫ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ በተቃራኒው ከዞረ ዱቄቱ በሚገባ አይወጣም። ስሕተቱን ለማረም ግን ከሦስቱ የኃይል ሽቦዎች የሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል። በገጠሩ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ እንዲህ ያለውን ለውጥ አይቀበልም፤ የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ ለአንድ አቅጣጫ የተወሰነ ነውና። ልጆች በሬዲዮ የሚያዝዙት መጫወቻ መኪና ያለ ኋላ ማርሽ ወደ ኋላ የሚሄደው ሞተሩ ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን አሠራር ታሪክ በአጭሩ መግለጽና ለመምህራን የሚሰጠውን ጥቅም ማመልከት ነው።

ዴንማርካዊው ኧርስቴድ በ1820 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮረንት የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር፣ ኮረንቱ ሲገለበጥም መርፌው ወደ ተቃራኒው እንደሚያዘነብል አስታወቀ። በ1832 እንግሊዛዊው ስተርጅን ኮረንቱን በየግማሽ ዙሩ የሚገለብጥ ኮሙቴተር ያለው ሞተር ሠራ። ስለዚህ ሞተሩ መዞሩን የሚቀጥለው ራሱ በመገልበጥ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ዓይነቱ ሞተር አዟዟሩን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የመግነጢሱ መስክና በሚዞረው ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲገለበጥ አዟዟሩ ይለወጣል፤ ሁለቱም ባንድነት ሲገለበጡ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። በትንሹ የመጫወቻ ሞተር መግነጢሱ ቋሚ ስለ ሆነ የሚቀረው ኮረንቱን መገልበጥ ብቻ ነው።

በ1880ዎቹ ፌራሪስና ቴስላ የሚዞር መግነጢሳዊ መስክን ሲያስገኙ፣ ዶብሮቮልስኪ ደግሞ በ1889 የሦስት ፌዝ ሞተርን ሠራ። በዚህ ሞተር አቅጣጫውን የሚወስነው የፌዞቹ ቅደም ተከተል ነው፤ የሁለት ሽቦዎች ቦታ ሲለዋወጥ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በጎጃም የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂን ከትምህርቶቹ አንዱ ያደረገው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተቋቋመ፤ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ ጣቢያ ኃይል ማመንጨት ጀመረ።

በሬዲዮ ማዘዝን ቴስላ በ1898 በኒው ዮርክ በትንሽ ጀልባ አሳይቶ ነበር። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ የመጀመሪያውን በሬዲዮ የሚታዘዝ መኪና በ1976 ለገበያ አቀረበ። በዚያን ዘመን በነበሩት መኪናዎች አንዲት ትንሽ ሞተር የመዳብ መነካኪያዎችን እያንቀሳቀሰች የባትሪውን ሁለት ጫፎች ታለዋውጥ ነበር። ኋላ ግን ይህን ሥራ አራት የኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች ተረከቡት፤ በሰያፍ የተጣመሩት ሁለቱ ሲከፈቱ መኪናው ወደ ፊት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሲከፈቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዛሬዎቹ ብሩሽ አልባ ሞተሮች እንደ ወፍጮው ሦስት ሽቦዎች ይገኛሉ፤ ሁለቱን ማለዋወጥም አዟዟሩን ይለውጣል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመዞር ላይ ያለ ሞተር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኮረንቱ በድንገት ሲገለበጥ ይህ ኃይል በባትሪው ላይ ይደመርና ሞተሩ ሲነሣ ከሚስበው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ኮረንት ያልፋል። ስለዚህም ብዙዎቹ የመኪና መቆጣጠሪያዎች አስቀድመው ፍሬን ይዘው ኋላ ይገለብጣሉ።

እንግዲህ የሳይንስ መምህር ከተሰበረ መጫወቻ የወጣ ሞተርና አንድ የድንጋይ ባትሪ ካገኘ ትምህርቱን በክፍል ውስጥ በተግባር ሊያሳይ ይችላል። ተማሪዎች ሽቦውን በእጃቸው ገልብጠው ውጤቱን ካዩ በኋላ ወፍጮ ቤቱን ቢጎበኙ ሕጉን ከኑሯቸው ጋር ያዛምዱታል። የወፍጮው መሥመር 380 ቮልት ስለ ሆነ ግን ሽቦውን መንካት ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ፣ ያውም ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ፣ የሚፈቀድ ሥራ መሆኑን መምህሩ አስቀድሞ ሊያስገነዝባቸው ይገባል።