ለባለሙያ ሰው የሚገባ ተዝካር

ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። ስምን ግን ከመቃብር በላይ የሚያቆመው ሙያ ነው፤ ሙያም ተቀባይ ካላገኘ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ለዚህ ነገር የሳክስፎን ነፊው የአቶ ጌታቸው መኩሪያ ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

እንቢልታና መለከት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ነበሩ፤ ሳክስፎን ግን ከውጭ የመጣ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የማርሽ ሙዚቀኞች አደረጓቸው። ውሎ አድሮም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች ተቋቋሙ።

አቶ ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። መጀመሪያ የተማሩት ክራርና ማሲንቆ ነው። በ1941 ዓ.ም. ገደማ በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ሥራ ጀመሩ። በ1948 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ወደሚባለው ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ገቡ፤ ከ10 ዓመት ያህል በኋላም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ።

የሰውዬው ብልሃት የታወቀው በሽለላ ነው። ሽለላ ዘማችን ለጦርነት የሚያነሣሣ የአንደበት ዜማ ነው። እሳቸው ቃሉን ትተው ዜማውን በሳክስፎን ነፉት፤ ድምፁም እንደ ፎካሪ ጉሮሮ እየተንቀጠቀጠ ያገሣ ጀመር። የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ሲወጡ የባዕዱ መሣሪያ ያገሩን ቋንቋ ይናገር ነበር።

ይህን ድምፅ ከሰሙት መካከል ዘ ኤክስ የሚባለው የሆላንድ የሮክ ባንድ ይገኛል። በዚህ ባንድ ጊታሩ እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። ባንዱ 25ኛ ዓመቱን በ1997 ዓ.ም. በአምስተርዳም ሲያከብር አቶ ጌታቸውን ጋበዘ። ኋላም «ሞአ አንበሳ» የተባለውን ሥራ አብረው አሳተሙ። ዕድሜአቸው 70 ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ፊት ሆነው ሲነፉ ጊታረኞቹ የሽለላውን ዜማ ይከተሉ ነበር።

ምናልባት አንድ ሰው «ፈረንጅ ስላደነቃቸው ከበሩ» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጊታርና ሳክስፎንማ በአምስተርዳም ሞልቷል፤ ያን ሁሉ መንገድ ያስፈለጋቸው በዚያ የሌለው ሽለላ ነው። የራሱን ጥሎ የሰውን ብቻ የሚያነሣ፣ በሰው ገበያ የሚሸጠው ዕቃ አይኖረውም።

አቶ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው አረፉ። በአዲስ አበባም በአምስተርዳምም የሚወዷቸው አዘኑ። ኀዘን መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሳምንት ያህል አልቅሶ መርሳት የማንም ሥራ ነው።

ወጣት ሆይ፥ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተሳፍረህ በጆሮህ ሙዚቃ ስትሰማ፣ አንድ ጊዜ የእሳቸውን ሽለላ ክፈትና አድምጥ። ከዚያም ራስህን ጠይቅ፦ አንተ የያዝኸው መሣሪያ፣ ብዕርም ይሁን ጊታር ወይም የልብስ ስፌት መኪና፣ በማን ቋንቋ ይናገራል? አያትህ የሚያውቁት፣ አንተ ግን ያልጠየቅሃቸው ዜማ ወይም ሙያ አለን? ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቃቸው። ለሞተ ባለሙያ ከሁሉ የሚበልጠው ተዝካር፣ ሙያውን ተቀብሎ የራስን ጨምሮ ለሚቀጥለው ማስረከብ ነው።