ርስት፣ ይዞታ፣ ካርታ፦ የከተማ ቦታ ቃላት ታሪክ ከሐዋሳ አንጻር

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ስለ ከተማ ቦታና ስለ ቤት የሚነገሩትን ቃላት ሲሰበስብ፣ ትርጕማቸው ከዘመን ወደ ዘመን እንደ ተለወጠ ሳያስተውል አያልፍም። ይህ አጭር ጽሑፍ ሐዋሳን እንደ ምሳሌ በመውሰድ የጥቂቶቹን ታሪክ ይመረምራል።

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ሥዩም ነው። ስሟ ከሲዳምኛ የተገኘ ሲሆን የሐይቁን ስፋት ያመለክታል። «ሰፈረ» የሚለው ግሥ በአማርኛ እህል መለካትንም፣ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ መኖር መጀመርንም ይገልጻል። በብዙዎቹ ነባር ከተሞቻችን ሕዝቡ አስቀድሞ ሰፍሯል፤ ልኬቱ የመጣው ዘግይቶ ነው። በሐዋሳ ግን ቅየሳው ቀደመ፤ ቀጥ ያሉት መንገዶቿም ለዚህ ምስክር ናቸው።

በዚያን ዘመን የቦታ ባለቤትነት ዋነኛ ቃል «ርስት» ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ቃሉ ከከተማ ሕግ ወጣ። «ርስት»ም «የተወረሰ ቤት»ም «ወረሰ» ከሚለው አንድ ሥር የተገኙ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቀድሞ ወራሹ ልጅ ነበረ፣ አሁን መንግሥት ሆነ። በነጋዴ አንደበት ደስ የሚያሰኘው «ትርፍ»ም ቤት የሚያሳጣ ቃል ሆነ። ቀድሞ አካባቢን ብቻ ያመለክት የነበረው «ቀበሌ» ቤት አከራይ ሲሆን፣ «የቀበሌ ቤት» የሚል ሐረግ ተወለደ። በርስት ፈንታ «ይዞታ» ነገሠ። ይህ ከ«ያዘ» የወጣ ነው፤ መያዝ ባለበትም የመልቀቅ ሐሳብ አይታጣም።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 69,169 የነበረው የሐዋሳ ከተማ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 157,139 ደርሷል። ቤት ፈላጊው ሲበዛ ቃሉም በዛ። አዋጅ ቁጥር 80/1986 «ሊዝ»ን አስገባ፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቤትን የሊዝ ዘመን 99 ዓመት አደረገ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 «የጋራ ሕንፃ ቤት» ያለውን ሕዝቡ «ኮንዶሚኒየም» ብሎ ለመደው። አዋጅ ቁጥር 574/2000 «መዋቅራዊ ፕላን»ን ከ«አካባቢ ልማት ፕላን» ለየ። ፕላኑ ሳይደርስ በከተሞች ዳር በሌሊት የቆመውን ቤት ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ሲለው፣ ጽሕፈት ቤቱ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ይለዋል። አንደኛው የሠሪውን ችግር፣ ሁለተኛው የተፈረደበትን ፍርድ ይናገራል።

«ካርታ» የሚለውን ቃል የአገር ሥዕል ወይም የመጫወቻ ወረቀት ብሎ የሚያቆም መዝገበ ቃላት የከተማን ነዋሪ አልሰማም። «ካርታ አለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚፈለገው የይዞታ ማረጋገጫው ነውና።

እነዚህን ትርጕሞች ለይቶ አለማስፈር ጉዳቱ በነዋሪው ላይ ይደርሳል። «ቦታዬ» የሚል ባለቤትና «ይዞታህ» የሚል ሹም ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል። ልዩነቱ የሚገለጠው ፕላን ተለውጦ ካሳ ሲታሰብ ነው፤ ስሌቱ የሚነሣው ከቤቱና በመሬቱ ላይ ከተሠራው ሥራ እንጂ ከመሬቱ ዋጋ አይደለም። ስለዚህ የቃላት አዘጋጆች በእያንዳንዱ ቃል ሥር የሕጉን ፍች ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ከጎኑም ሕዝቡ የሚለውን ሊያሰፍሩ ይገባል። ሰው የሚፈርምበትን ወረቀት በራሱ ቋንቋ ሊረዳው የሚችለው ይህ ሲሆን ነው።